ኦቨርሎክ ሲያስቸግር፦ ሜካኒክ ከመጥራት በፊት በቅደም ተከተል የሚሠራ

ኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቅን ጠርዝ እየቆረጠ የሚሰፋው መኪና፣ ክር መበጠስ ወይም ስፌት መዝለል ሲጀምር የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቴንሽኑ፣ ክሩን ወደሚያጠብቀውና ወደሚያላላው ቁልፍ፣ ነው። አንዱን ያጠብቃል፣ ሌላውን ያላላል፣ ሦስተኛውን ይሞክራል። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ከቦታቸው ይወጡና የመጀመሪያው ብልሽት የት እንደነበር የሚያውቅ ይጠፋል። ሐረር መኪና ግርግርም ይሁን ድሬዳዋ ቀፊራ፣ መኪናው በባጃጅ ተጭኖ ሜካኒክ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ጥፋቱ የደነዘ መርፌ ወይም ከአንድ ቀለበት ያመለጠ ክር ሆኖ ሲገኝ አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለቤት ባለአራት ክር ኦቨርሎክም፣ ለሱቅና ለፋብሪካ ባለሦስት፣ ባለአራትና ባለአምስት ክር መኪናም ይሠራል። ልዩነት ባለበት ቦታ ለየብቻ ተጽፏል። ደረጃ አትዝለሉ፤ ቴንሽን አምስተኛ ደረጃ ላይ የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው።

1. ዝግጅት

ማጥፊያውን አጥፉና ሶኬቱን ንቀሉ። ክላች ሞተር ያለው የፋብሪካ መኪና ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይሽከረከራል፤ በዚያ ሰዓት ፔዳል ከተነካ መርፌው ይወርዳል። የሞተሩ ድምፅ ጨርሶ እስኪቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ፔዳሉን አንዴ ረግጣችሁ መኪናው አለመንቀሳቀሱን አረጋግጡ። እጃችሁን ወደ ሉፐሮቹ (ከመርፌው ሥር ክር ይዘው ወዲያ ወዲህ ወደሚሉት መንጠቆ መሰል ብረቶች) የምታስገቡት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

ጠረጴዛው ላይ እነዚህን አዘጋጁ፦

- ለመርፌው ብሎን የሚሆን ቁልፍና ትንሽ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ
- ጫፉ የታጠፈ ረጅም ወረንጦ
- ጸጉሩ ጠንከር ያለ ብሩሽ (አሮጌ የጥርስ ብሩሽም ይሆናል)
- አዲስ መርፌ፣ ቢያንስ 3
- አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ባለአራት የተለያየ ቀለም ክር
- ነጭ የስፌት መኪና ዘይት
- የምትሰፉት ጨርቅ ራሱ ቁራጭ፣ 10 በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ብዙ

ጨርቁ ላይ አትሰስቱ። የዩኒፎርም ቲትሮን ለመስፋት ያቃተውን መኪና በጀርሲ ቁራጭ ብታስተካክሉት ቲትሮኑ ላይ ስትመለሱ እንደገና ያስቸግራል።

ምንም ከመፍታታችሁ በፊት የክሩን መንገድ ከፊት፣ ከግራና ክዳኑ ተከፍቶ ከውስጥ በስልክ ፎቶ አንሱ። የቤት መኪና ከሆነ የእያንዳንዱን ቴንሽን ቁጥር ጻፉ። የፋብሪካው ቴንሽን ቁጥር ስለሌለው በጥፍር ቀለም አንድ ነጥብ ቁልፉ ላይ፣ አንድ ነጥብ አጠገቡ ያለው አካል ላይ አድርጉ። ነገሩ ከተበላሸ መመለሻ መንገድ ይኖራችኋል።

2. ብናኙን ማውጣት

ኦቨርሎክ እየቆረጠ ስለሚሰፋ ከተራ የስፌት መኪና የበለጠ ብናኝ ያወጣል። የድሬዳዋ አቧራ ሲጨመርበት፣ በተለይ በሩን ለነፋስ በከፈተ ሱቅ ውስጥ፣ ብናኙ ከዘይት ጋር ተላቁጦ ጨርቁን ከሥር የሚገፋው ጥርስ መካከል ይደድራል።

የፊቱንና የጎኑን ክዳን ክፈቱ። እግሩን (ጨርቁን ከላይ የሚጫነውን) አንስታችሁ ወደ ጎን ግፉት ወይም ንቀሉት። የመርፌውን ፕሌት (መርፌው የሚወርድበት ቀዳዳ ያለውን ሳህን) ብሎን ፈትታችሁ ፕሌቱን አውጡ። ከሥሩ ያለውን የደደረ ብናኝ በወረንጦ አንሱ እንጂ ወደ ውስጥ አትግፉት። ከዚያ ሉፐሮቹን፣ በጥርሱ ረድፎች መካከል ያለውን ክፍተትና የቢላዎቹን ዙሪያ ቦርሹ።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ፈጣን ይመስላል፤ አይመከርም። ብናኙን ወደ ዘይት መተላለፊያውና ወደ ዘንጎቹ ይነዳዋል፣ ከቱቦው ውሃም ይመጣል። በአፍም አትንፉ።

ፕሌቱ በእጃችሁ እያለ በደንብ እዩት። ክሩ የሚጠመጠምባት ቀጭን ምላስ ፕሌቱ ላይ (በአንዳንድ መኪና እግሩ ላይ) አለች። ከተጣመመች ወይም ጫፏ ከተሰበረ ስፌቱ አይንሸራተትላትም፣ ጠርዙ ይታነቃል። በመርፌው ቀዳዳ ዙሪያ መርፌ የመታው ጭረት ካለ ክር የሚበጥሰው እሱ ሊሆን ይችላል፤ በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት (ማለስለሻ ወረቀት) በቀስታ አለስልሱት። ምላሷ ከተሰበረች ግን ፕሌቱ ይቀየራል፣ ብየዳ አያዋጣም።

ፕሌቱን ስትመልሱ ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጥብቁ። የላላ ፕሌት መርፌ ይሰብራል።

3. መርፌውን መቀየር

መርፌው ደህና ቢመስልም ቀይሩት። በድምሩ 8 እስከ 10 ሰዓት ያህል የተሰፋበት መርፌ ጫፉ በዓይን ባይታይም ደንዝዟል። የመዝለል ችግር ግማሹ እዚህ ላይ ያበቃል።

ዓይነቱን አትቀላቅሉ። አብዛኞቹ የጁኪና የሲሩባ ዓይነት የፋብሪካ ኦቨርሎኮች ዲሲ×27 የሚባለውን ክብ አንገት መርፌ ይጠቀማሉ። የቤት ኦቨርሎክ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንገቱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ የሆነውን 130/705 ኤች ይወስዳል። አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ እንኳ ቁመቱ ስለሚለያይ ወይ ሉፐሩን ይመታል ወይ ክሩን አያቀብልም። የራሳችሁ መኪና የሚፈልገው መርፌ በመመሪያው ላይ፣ አንዳንዴም የፊት ክዳኑ ውስጥ ተጽፏል። ሻጩ «ያው ነው» ሲል አሮጌውን መርፌ አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስተያዩት።

ቁጥሩን በጨርቁ ምረጡ፦

- ለድሪያ፣ ለሽፎንና ለስስ ጨርቅ 9 ወይም 11
- ለቲትሮንና ለመካከለኛ ጨርቅ 11 ወይም 14
- ለካኪ 14፣ ለጂንስ 14 ወይም 16
- ለጀርሲና ለሚለጠጥ ጨርቅ 11፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነው

አገባቡ፦ መዘውሩን አዙራችሁ መርፌውን የመጨረሻ ከፍታ ላይ አድርሱት። ብሎኑን አላሉና አሮጌውን አውጡ፤ ብሎኑ ከወደቀ መኪናው ሆድ ውስጥ ስለሚገባ ጨርሳችሁ አትፍቱት። ጠፍጣፋው ጎን ወደ ኋላ ይሁን። ክብ አንገት ከሆነ ረጅሙ ቦይ ወደ እናንተ፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጎድ ያለው ቦታ ወደ ኋላ ይሁን። ቦዩን በጥፍር ዳብሱት፤ በትንሹም ወደ ጎን ከዞረ ይዘላል። ወደ ላይ እስኪያቆም ግፉትና እንደያዛችሁት አጥብቁ።

ሁለት መርፌ ባለው መኪና ላይ የግራው ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። አሠራሩ ነው። እኩል ለማድረግ አንዱን ዝቅ ያደረገ ሰው ወዲያው ስፌት መዝለል ይገጥመዋል።

4. ክሩን ከዜሮ ማስገባት

«ክሩማ ገብቷል» ብላችሁ አትለፉት። ሁሉንም አውጡና እንደገና አስገቡ።

መጀመሪያ ከላይ ጀምሩ። የክር ማስቀመጫው ዘንግ እስከ መጨረሻው ተስቦ ይቁም፤ እያንዳንዱ ቀለበት ከኮኑ (ከክሩ ጥቅል) እምብርት ቀጥ ብሎ በላይ ይሁን። ዘንጉ ዝቅ ካለ ክሩ ከኮኑ ሲወጣ እየተጎተተ ይጠብቃል፣ ቴንሽኑም ያለጥፋቱ ይወቀሳል። እዚህ ላይ ለድሬዳዋ ሱቆች አንድ ማሳሰቢያ፦ የቁም ቬንትሌተሩ ወደ ኮኖቹ እንዳይነፍስ። ነፋሱ ላላ ያለውን ክር ወስዶ ዘንጉ ላይ ወይም የጎረቤቱ ክር ላይ ይጠመጥመዋል፣ «አንዳንዴ ብቻ ይበጥሳል» የሚባለው የማይገኝ ብልሽትም ከዚህ ይመጣል። ቬንትሌተሩን ወደ ሰው አዙሩት።

ክሩንም ፈትኑ። ግማሽ ሜትር ያህል አውጥታችሁ በሁለት እጅ ጎትቱት። ሳይለጠጥ ቶሎ ከተበጠሰ፣ ወይም ወፍራምና ቀጭን እየሆነ ከመጣ፣ የትኛውም ቴንሽን አያድነውም። ለኦቨርሎክ የተለመደው 40/2 የሚባለው ፖሊስተር ነው። መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው የከረመ ኮን ሉፐር ላይም ቢሆን አትጠቀሙ።

አሁን አራቱን ቀለሞች አስገቡ። ለምሳሌ ላይኛው ሉፐር ቀይ፣ ታችኛው ሉፐር ሰማያዊ፣ ቀኝ መርፌ ቢጫ፣ ግራ መርፌ ጥቁር።

(1) እግሩን አንሱ። በብዙ የቤት መኪናዎች እግሩ ሲነሳ የቴንሽን ሳህኖቹ ይከፈታሉ።

(2) ላይኛውን ሉፐር አስገቡ። ክሩን በሁለት እጅ ወጠር አድርጋችሁ ሳህኖቹ መካከል እስኪገባ ሳቡት። በላያቸው ብቻ ካለፈ ቁልፉን ምንም ያህል ብታጠብቁ ለውጥ የለም።

(3) ታችኛውን ሉፐር አስገቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መዘውሩን እያዞራችሁ ሉፐሩን ወደ ቀኝ አምጡ፣ ክሩን በወረንጦ በእያንዳንዱ መያዣ አሳልፉ፣ በሉፐሩ ጀርባ በኩል ያለችውን የመጨረሻ መያዣ ሳትረሱ ጫፉ ላይ ባለው ዓይን አውጡት። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ተዉ።

(4) የታችኛው ሉፐር ክር ከላይኛው ሉፐር በላይ ማለፉን እዩ። ሥሩ ከገባ በወረንጦ አውጥታችሁ በላዩ አሳልፉት።

(5) ቀኙን መርፌ፣ ከዚያ ግራውን አስገቡ። መርፌ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።

(6) አራቱንም ክር ከእግሩ ሥር ወደ ኋላ ሳቡ፣ እግሩን ዝቅ አድርጉ፣ መዘውሩን ቀስቱ በሚያሳየው አቅጣጫ በእጅ 5 ወይም 6 ጊዜ አዙሩ። የክር ሰንሰለት መሥራት አለበት።

እግሩ ዝቅ ባለበት እያንዳንዱን ክር ለየብቻ ሳብ ሳብ አድርጉ። አንዱ ያለ ምንም መያዝ ከመጣ ሳህኑ ውስጥ አልገባም፤ ወይም ሳህኖቹ መካከል ብናኝ አለ። አጥፋችሁ ያቀጠናችሁትን የጥጥ ጨርቅ መካከላቸው አስገብታችሁ ወዲያ ወዲህ በማድረግ አጽዱ።

ስፌት መሐል የታችኛው ሉፐር ክር ቢበጠስስ? እሱን ብቻ መልሶ ማስገባት አይሠራም። የመርፌው ክር ቀድሞ ሉፐሩ ላይ ተጠምዷልና አዲሱ ክር በተሳሳተ ጎኑ ያልፋል፣ ሁለት ሦስት ስፌት ሄዶ እንደገና ይበጠሳል። መርፌዎቹ ጋ ክሩን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ሉፐሩን አስገቡ፣ ከዚያ መርፌዎቹን መልሱ። «አሥር ጊዜ አስገባሁት፣ አሥር ጊዜ በጠሰው» ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ቀለም ለመቀየር ብቻ ከሆነ አሮጌውን ክር ኮኑ አጠገብ ቁረጡ፣ አዲሱን ቋጥሩበት፣ ቴንሽኑን አላልታችሁ ከፊት በኩል ሳቡት። ቋጠሮው ሉፐሮቹን ያልፋል። መርፌው ዓይን ጋ ሲደርስ ግን ቆርጣችሁ በእጅ አስገቡት።

5. ስፌቱን ማንበብና ቴንሽን ማስተካከል

አሁን ቴንሽን መንካት ይቻላል። የቤት መኪና ከሆነ ሁሉንም 4 ላይ አድርጉ፤ የፋብሪካ ከሆነ የጥፍር ቀለሙ ነጥብ ላይ መልሱት። የስፌት ርዝመቱ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ዲፈረንሻሉ (የሁለቱ ጥርሶች የፍጥነት ጥምርታ፣ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ አለ) 1 ላይ ይሁን። በቁራጩ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፉና ጨርቁን ገልብጣችሁ ሁለቱንም ገጽ እዩ። ትክክለኛ ስፌት ላይ ቀዩ ከላይ ብቻ፣ ሰማያዊው ከሥር ብቻ ይታያሉ፤ የሚገናኙት የጨርቁ ጠርዝ ላይ ነው።

ቀዩ ጠርዙን አልፎ ወደ ሥር ከዞረ፦ ላይኛው ሉፐር ላልቷል ወይም ታችኛው ጠብቋል። መጀመሪያ ላይኛውን ትንሽ አጥብቁ፤ ካልበቃ ታችኛውን አላሉ።

ሰማያዊው ከላይ ከታየ፦ ታችኛው ላልቷል ወይም ላይኛው ጠብቋል። ታችኛውን አጥብቁ።

ሁለቱም ከጠርዙ ወጥተው በአየር ላይ ከተንጠለጠሉ፦ ሁለቱም ላልተዋል፣ ወይም ቢላው ጨርቁን ከሚገባው በላይ እየቆረጠ ነው።

ጠርዙ ከተጠቀለለ፦ ሁለቱም ጠብቀዋል፣ ወይም ቢላው ያነሰ እየቆረጠ ብዙ ጨርቅ ስፌቱ ውስጥ ቀርቷል። ይህንና ከላይ ያለውን ለመለየት ቴንሽኑን ግማሽ ዙር ቀይራችሁ ስፉ። ለውጥ ከሌለ ነገሩ የቁርጥ ስፋት ነው።

ሁለቱን ጨርቆች ከፍታችሁ ስትጎትቱ የመርፌው ክር እንደ መሰላል ከታየ፦ የመርፌው ቴንሽን ላልቷል። በተቃራኒው ስፌቱ ተሰብስቦ ከታነቀ፣ ወይም ሲለጠጥ ተበጠሰ ካለ፣ ጠብቋል።

አንድ ጊዜ አንድ ቁልፍ ብቻ ንኩ። የቤቱን በግማሽ ቁጥር፣ የፋብሪካውን በሩብ ዙር ቀይሩ። ከእያንዳንዱ በኋላ ስፉ። ቁራጩ ላይ በእስክሪብቶ ምን እንደቀየራችሁ ጻፉበት፤ የድሪያ፣ የቲትሮንና የጀርሲ ናሙና ከነቁጥሩ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ሌላ ቀን ከመጀመሪያ አትጀምሩም። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁም ምንም ካልተለወጠ ወደ አራተኛው ደረጃ ተመለሱ፤ ክሩ ሳህኑ ውስጥ የለም።

6. አሁንም ክር ይበጥሳል

የትኛው ቀለም እንደተበጠሰ እዩ፤ አራት ቀለም ያስገባችሁት ለዚህ ነው።

የመርፌ ክር ከሆነ፦ መርፌው ለክሩ ቀጭን መሆኑን፣ ዓይኑ ውስጥ ሻካራ ነገር መኖሩን፣ ፕሌቱ ላይ ጭረት መኖሩን በቅደም ተከተል እዩ። የተበጠሰውን ጫፍ ተመልከቱት። ጸጉር አውጥቶ ከተተረተረ ሸካራ ነገር እየፈገፈገው ነው። ጫፉ ቀልጦ ጠጣር ነጠብጣብ ከሠራ ግን መርፌው ግሏል፦ ፖሊስተር ክር በፖሊስተር ጨርቅ ላይ በሙሉ ፍጥነት ሲሰፋ የሚያጋጥም ነው። ፍጥነት ቀንሱ፣ መርፌውን ቀይሩ፣ ቴንሽኑን ሩብ ዙር አላሉ።

የሉፐር ክር ከሆነ፦ ከኮኑ እስከ ሉፐሩ ጫፍ መንገዱን በጣት ተከተሉ። ከአንድ መያዣ ያመለጠ ወይም አንዱ ቀለበት ላይ ሁለት ጊዜ የዞረ ክር ይገኛል። ካልተገኘ የሉፐሩን ጫፍና ዓይን በጥጥ ኳስ ዳብሱ። ጥጡን የሚይዘው ቦታ ሻካራ ነው።

ክሩ ሉፐር ላይ ተጠምጥሞ መኪናው ከታነቀ ጨርቁን አትጎትቱ፤ የሚጣመመው ሉፐሩ ነው። አጥፉ፣ የመርፌዎቹን ክር ቁረጡ፣ መርፌዎቹን አውጡ፣ እግሩን አንሱ፣ ከዚያ የተጠማዘዘውን በምላጭ ጫፍ ጥቂት በጥቂት እየቆረጣችሁ በወረንጦ ልቀሙ። ጨርቁን የምትስቡት ወደ ኋላ፣ ምላሷ በምትጠቁምበት አቅጣጫ ነው።

7. ይዘላል፣ ወይም መርፌ ይሰብራል

መርፌው አዲስ ከሆነ፣ በትክክል ከገባና ክሩ ደህና ከሆነ የሚቀረው ሁለት ነገር ነው፦ የእግሩ ግፊትና የሉፐሩ አቀማመጥ። ግፊቱን በቅድሚያ። እግሩ ከላላ ስስ ወይም የሚለጠጥ ጨርቅ ከመርፌው ጋር አብሮ ይነሳል፣ ሉፐሩም የሚይዘው የክር ቀለበት አይፈጠርም። ከላይ ያለውን የግፊት ብሎን አንድ ዙር አጥብቃችሁ ሞክሩ።

መርፌ የሚሰበረው በአብዛኛው በእጅ ነው። ጥርሱ ሳይጨርስ ጨርቁን ከኋላ የሚጎትት ሰው መርፌውን አጣሞ ሉፐሩ ላይ ያሳርፈዋል። የጂንስ መጋጠሚያ ላይ ደግሞ አራት አምስት ድርብ ይመጣል፤ መጋጠሚያውን በመዶሻ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ፣ ፔዳሉን ለቃችሁ፣ መዘውሩን በእጅ እያዞራችሁ ተሻገሩ። የተሰበረውን መርፌ ቁራጭ ሁሉ ፈልጋችሁ አግኙ። የጠፋ ጫፍ ቢላው መካከል ከገባ ኪሳራው ከመርፌው ዋጋ በብዙ ይበልጣል።

8. ቢላ

ጠርዙ ላይ ጭራ ከቀረ፣ ጨርቁ ሳይቆረጥ ከታጠፈ ወይም መኪናው ጨርቁን እየገፋ ከቆመ ቢላው ነው። ክር ሳታስገቡ አንድ ድርብ ስስ ጨርቅ በመዘውር ብቻ እያዞራችሁ አስቆርጡት፤ ንጹሕ መስመር ካልሠራ ደንዝዟል ወይም ከቦታው ወጥቷል። አብዛኛውን ጊዜ ቢላ የሚገድለው ሳይነቀል የቀረ ስፒል ነው።

ሁለት ቢላ አለ። ታችኛው ቋሚ ነው፤ የላይኛው ይወጣል፣ ይወርዳል። ለመቀየር፦

(1) መብራቱ ከሶኬት ይነቀል።
(2) የላይኛውን ቢላ ወደ ላይ አንስታችሁ የታችኛውን ብሎን አላሉ፣ ቢላውን አውጡ።
(3) አዲሱን ስታስገቡ ስለቱ ከመርፌው ፕሌት ገጽ ጋር እኩል ይሁን። ከፕሌቱ ከፍ ካለ ጨርቅ ይይዛል፣ ዝቅ ካለ አይቆርጥም።
(4) መዘውሩን አዙራችሁ የላይኛውን የመጨረሻ ዝቅታ ላይ አድርሱ። ስለቱ የታችኛውን ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር አልፎ ይውረድ።
(5) ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ሞተር ሳትነኩ 10 ጊዜ ያህል በእጅ አዙሩ። የብረት መፋጨት ከተሰማ መልሳችሁ አስተካክሉ።

የታችኛው ቢላ በሞረድ ይሳላል፤ የድሮው ማዕዘን ይጠበቅ፣ ጠፍጣፋው ገጽ አይነካ። የላይኛው ጫፍ በብዙ የፋብሪካ መኪና በጣም ጠንካራ ካርባይድ ስለሆነ ተራ ሞረድ አይበላውም። ቀይሩት።

9. ጨርቁ ይጨማደዳል ወይም ይለጠጣል

ዲፈረንሻል የፊተኛውና የኋለኛው ጥርስ የፍጥነት ጥምርታ ነው። 1 ላይ እኩል ይሄዳሉ። ከ1 በላይ የፊተኛው ብዙ ጨርቅ ያስገባል፤ ጀርሲ ጠርዙ ተለጥጦ ሲወዛወዝ 1.3 ላይ ጀምራችሁ እስከ 1.5 ሞክሩ። ከ1 በታች ጨርቁን ይወጥራል።

ድሪያ ለብቻው ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጨርቁ ስስና ተንሸራታች ስለሆነ ስፌቱ ሥር ይሰበሰባል። ዲፈረንሻሉን 0.7 ወይም 0.8፣ መርፌውን 9፣ የስፌት ርዝመቱን 2 አድርጉ፣ የእግሩን ግፊት አላሉ፣ የመርፌውን ቴንሽንም ቀንሱ። ባለአራት ክር ከሆነ የግራውን መርፌ አውጥታችሁ በሦስት ክር ብትሰፉት ጠርዙ ቀለል ይላል። ጨርቁን ከፊትና ከኋላ በእኩል ያዙት እንጂ አትጎትቱት።

10. ዘይት፣ ሞተርና መብራት

የፋብሪካ ኦቨርሎክ የዘይት መስታወት አለው፤ ደረጃው በሁለቱ መስመሮች መካከል ይሁን። ሲሠራ ከላይ ባለው መስታወት ዘይቱ ሲረጭ ይታያል። ካልታየ ወዲያው አቁሙ፤ ወይ ጎድሏል ወይ ማጣሪያው ተዘግቷል። አዲስ መኪና ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ ዘይቱ ይቀየር። የቤት መኪና መመሪያው በሚያሳያቸው ነጥቦች አንድ ሁለት ጠብታ ይበቃዋል። የምግብ ዘይት ደርቆ ሙጫ ይሆናል። የተሽከርካሪ ሞተር ዘይት ወፍራም ነው፣ ጨርቅም ያጠቁራል። ከመሙላት በላይ መጨመርም ጨርቅ ላይ ነጠብጣብ ያመጣል፤ ዩኒፎርም የሚሰፋበት የነሐሴ ጥድፊያ ላይ ነጭ ሸሚዝ ያበላሸ ሰው ይህን አይረሳም።

ሞተሩ እየዞረ መኪናው ከዘገየ ቺንጋውን መሐሉ ላይ በጣት ተጫኑ፦ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይርገብ። ከዚያ በላይ ከሆነ ላልቷል፤ ፍጹም ካልረገበ ደግሞ ዘንጉን ያጎሳቁላል።

ሞተሩ ቡዝዝ ብሎ ካልተነሳ ከሁለት ሰከንድ በላይ አትጠብቁ፣ አጥፉ። መጀመሪያ መኪናውን በመዘውር አዙሩ። ከከበደ የታነቀው መኪናው ነው፤ ወደ ስድስተኛው ደረጃ ተመለሱ። በቀላሉ ከዞረ ወይ የመብራቱ ኃይል ከ220 ቮልት ብዙ ወርዷል፣ ወይ የሞተሩ ካፓሲተር ሞቷል። ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ስለሚነዝር ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዉት። መብራት ሲሄድ ማጥፊያውን አጥፉ፤ ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ኃይል የሰርቮ ሞተርን (በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን ሞተር) ሰሌዳ ሊያቃጥል ይችላል። ተጠቅልሎ የመጣ ሞተር ካስገባችሁ መጀመሪያ የሚዞርበትን አቅጣጫ ከመዘውሩ ቀስት ጋር አስተያዩ። ተገላቢጦሽ የሚዞር ኦቨርሎክ ሰንሰለት አይሠራም።

11. ሉፐሩን የሚነካው ማን ነው?

ከላይ ያለው ሁሉ ተሠርቶ አሁንም የሚዘል ከሆነ፣ ፕሌቱንና እግሩን አውጥታችሁ በስልክ መብራት እያያችሁ መዘውሩን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። መርፌው ከታች ተነስቶ መውጣት ሲጀምር የታችኛው ሉፐር ጫፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይመጣና በመርፌው ጀርባ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ያልፋል። መርፌውን ከገፋው ወይም በግልጽ የሚታይ ክፍተት ከተወ ከቦታው ወጥቷል።

እስከ ማየት ድረስ የእናንተ ሥራ ነው፤ የሉፐሩን ብሎን መፍታት ግን አይደለም። የሚስተካከለው በሚሊ ሜትር ክፋይ ነው፣ ልኩም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ለሜካኒኩ የሚዘለውን ጨርቅ ቁራጭ፣ ባለአራት ቀለሙን ናሙና፣ የተጠቀማችሁበትን መርፌ ፓኬትና መኪናው ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ሲጨርስ በእሱ ቁራጭ ሳይሆን በራሳችሁ ጨርቅ አሰፍታችሁ ከላይም ከሥርም ካያችሁ በኋላ ክፈሉት።